ጊዮርጊስን ስታልፍ የምትንቀጫቀጭ ቮልስ

ከፒያሳ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። በትምህርት ቤታችን የመምህራን ክፍል ታሪኩን ደጋግሜ አውርቼዋለሁ፤ ግን አንዱ መሃል ላይ ይገባል፣ ሌላው ደውል ሲደወል መጨረሻውን ሳይሰማ ይወጣል። መጨረሻውን ያልሰሙት ደግሞ የራሳቸውን እየጨመሩ ያወሩት ጀመር። ስለዚህ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ከባልደረቦቼ አብዛኞቹ አዲስ አበባን የሚያውቋት ለስብሰባ ሄደው ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ሲመላለሱ ነው። አራዳን በአሮጌ መኪና፣ ጆሮን አቁሞ፣ ቀስ እያሉ ማየት ሌላ ነገር ነው።

የጉዞው ምክንያት አንዲት ነጭ ቮልስ ናት። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። የአባቴ ነበረች፤ እሱ ሲያርፍ መሪዋ ለእኔ ደረሰ። አሰላ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፣ የምኖረውም ከእናቴ ጋር ነው። መንዳት ያስተማረኝም አባቴ ነው፣ በእሷው ላይ። ኀዘኑ በረድ ሲል እናቴን በመኪናዋ ቤተ ክርስቲያን ማመላለስ ጀመርኩ። እናቴ መኪና ትፈራለች፤ ገና ሞተር ሲነሳ የበሩን እጀታ ጨምድዳ ትይዛለች። እንዲያም ሆኖ ለእግዚአብሔር ቤት ስትል ትሳፈር ነበር።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ክርርርር፣ ክች ክች ክች ይላል፤ ከሞተሩ ሳይሆን ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ። ጥቂት ይቆይና ዝም ይላል። ቀድማ ያስተዋለችው እናቴ ናት። "ልብ ብለሻል?" አለችኝ፤ "ቤተ ክርስቲያን ስናልፍ ነው የምትጮኸው።" ሳቅኩባት። በማግስቱ ማርያምን ስናልፍ ጮኸች። ገብርኤልን ስናልፍ ጮኸች። ገበያውን፣ ሆስፒታሉን፣ መናኸሪያውን ስናልፍ ትንፍሽ አላለችም። አንድ ቄስ መጥተው ጠበል ረጩባት፤ እሳቸውን ቤታቸው ላድርስ ብዬ ስነዳ ደብራቸው ደጃፍ ላይ ከበፊቱ ብሳ ጮኸች። ቄሱ ቀሪውን መንገድ በእግራቸው ሄዱ። የከተማችን መካኒኮች በክሪክ አንስተው ማርሚታዋን አጠበቁ፣ ጎማዋን አወዛወዙ፣ ሞተሯን አስነስተው አዳመጡ። በቀስታ እየሠራች ቆማ ምንም አትልም።

ለእናቴ ነገሩ ግልጽ ነበር። አባቴ መሪ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ እጁን አንስቶ አማትቦ አያውቅም፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ጨቅጭቃዋለች። "እጅህ ተሰብሯል?" ትለዋለች። "እግዜር አንገትም ያያል" ይላታል። አሁን ግን ጭቅጭቁ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። "ለታቦታቱ እጁን ሳያነሳ የኖረ ሰው ነው" አለችኝ፤ "ይኸው በየደጃቸው ነፍሱን ያስጮኹታል።"

የሙት ዓመቱ በሚመጣው እሁድ ይውላል። የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ከከተማው ወጣ ይላል። እናቴ በቮልሷ ወደዚያ እንደማትሄድ፣ ከዚያም በኋላ ግቢያችን ውስጥ ልታያት እንደማትፈልግ ቁርጡን ነገረችኝ። ከአዳማ አንድ ገዢ ሰኞ ሊወስዳት ተቀጠረ። መኪናዋ ብትሸጥ አዝናለሁ፤ ግን ከዚያ የባሰብኝ እናቴ የባሏን ነፍስ በብረት ድምፅ እየመዘነች ከቀን ወደ ቀን መክሳቷ ነው። መኪናዋ ብትሸጥም ያ ድምፅ ከልቧ አይወጣም። የትምህርት ቤት እረፍት ላይ ስለነበርን መኪናዋን ስፈትሽ ከፊት ለፊቷ የዕቃ ኪስ ውስጥ ዘይት የነካው ወረቀት አገኘሁ። በአባቴ ጽሕፈት "ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ሸምሱ መካኒክ" ይላል።

ረቡዕ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወጣሁ። እናቴ የገብስ ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ፤ መኪናዋን ግን ቀና ብላም አላየቻት። ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ ደብተር አስቀመጥኩ። ድምፁ የሚሰማበትን ቦታ ሁሉ እየቆምኩ ልጽፍ አስቤያለሁ። ካርታ እንጀራዬ ነው፤ የድምፁን ካርታ ከሠራሁ ምንጩም ይገኛል ብዬ አመንኩ።

ኢተያ ላይ ጮኸች፤ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፣ ጻፍኩ። ዴራን እንዳለፍኩ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ስሄድ ደግሞ የሰማሁት መሰለኝ። ዙሪያዬን ባይ ሜዳና የበቆሎ አገዳ ብቻ ነው። የገዛ ጥርሴ ይሆናል ብዬ ሳቅኩ። ቢሆንም ተማሪዎቼን "ያያችሁትን ሁሉ መዝግቡ" እያልኩ የማደርቅ ሰው ነኝና፣ ዳር ይዤ ቆሜ "ዴራ፣ ቆሎ" ብዬ ጻፍኩ።

ከአዳማ በኋላ ፈጣኑ መንገድ ላይ ወጣሁ። የቮልስ ፍጥነት ይታወቃል፤ በሬ የጫነ አይሱዙ ሳይቀር ጥሩምባውን እየነፋ አለፈኝ፣ በሬዎቹም ዞረው አዩኝ። ያን ሁሉ መንገድ አንድም ጊዜ አልጮኸችም። ከመንገዱ ዳር አንድም ቤተ ክርስቲያን አላየሁም። ይህንንም ጻፍኩ፤ ስጽፍ ግን ደስ አላለኝም።

አዲስ አበባ ስገባ ሳሪስ አቦን አለፍኩ፤ ጮኸች። እስጢፋኖስን አለፍኩ፤ ጮኸች። ከዚያ የቸርችል አቀበት መጣ። የአሰላ አቀበት ለፈረስ ጋሪ ጊዜ ይሰጣል፣ ፈረሱ ደክሞት ሲቆም ከኋላው ያለ ሁሉ አብሮት ይቆማል። ቸርችል ላይ ግን ከኋላዬ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡሱ ኋላ ደግሞ የከተማው ግማሽ ይነፋል። በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ጫፉ ሊደርስ ሲል ሞተሯ ጠፋ። ሁለት ክራባት ያሰሩ ሰዎች ቦርሳቸውን ጣሪያዋ ላይ አስቀምጠው ገፉልኝ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ቦርሳቸውን አንስተው፣ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ ሄዱ። አሰላ ቢሆን የሚገፋኝ ሰው አስቀድሞ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያጣራል።

ማረፊያ ያገኘሁት ፒያሳ ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው እንጨት ነው፤ ስረግጠው ከመኪናዬ የባሰ ይጮሃል። ባለቤቷ እትዬ ዘነበች የሚባሉ፣ ስልሳን ያለፉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። መታወቂያዬን አገላብጠው አዩ።

"ከአሰላ ነሽ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ታዲያ በሩጫ አትመጪም ነበር? ምን መኪና አስጎተተሽ?"

የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ነገር ግን ዋጥ አደረግኩት። "እንዴት ነው የምትለው?" አሉኝ። ይህን ጥያቄ በአራት ቀን ውስጥ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ አልቆጠርኩም። ክርርርር፣ ክች ክች ክች አልኩ በአፌ። ከባንኮኒው ጥግ ሻይ የሚጠጡ ሁለት እንግዶች ስኒያቸውን አስቀመጡ። "አንዴ ድገሚው" አለ አንደኛው፤ ደገምኩ። "ማርሚታ ነው" አለ። "ሞዞ ነው እንጂ" አለ ሌላው፤ ከዚያ እኔን ረስተው እርስ በርስ ተያያዙ። እራቴን ልወጣ ስል እትዬ ዘነበች ከለከሉኝ። "ረቡዕ ነው፣ ሽሮ ሠርቻለሁ። ለብቻዋ የምትበላ ሴት ድምፅ ትሰማለች" ብለው ከራሳቸው ገበታ አቀረቡኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። እኛ ቤት ፒያሳ ማለት የአባቴ ወሬ ነው፦ የታጠፉ ቆርቆሮዎች፣ በየጥጉ የሚንጠለጠሉ ጎማዎች፣ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው የሚያሾልኩ ጠባብ መንገዶች። ወርቅ ቤቶቹን እንዳሉ አገኘኋቸው። ከጀርባቸው ግን ያገኘሁት ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አዲስ የተተከለ አበባና የድንጋይ መቀመጫ ነው። ጋራዡ ቀርቶ የጋራዡ ዘይት የፈሰሰበት አፈር እንኳ የለም። ያምራል፤ አላማረም አልልም። ግን መካኒክ የሚፈልግ ሰው አበባ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚል አያውቅም።

መኪናዋን ቁልቁለት ላይ ስላቆምኩ እንደ አሰላ ልማዴ ከጎማዋ ስር ድንጋይ ላደርግ አጎነበስኩ። የአበባው ጠባቂ እየሮጠ መጣ። "እህቴ፣ ድንጋዩ የመንግሥት ነው!" አለኝ። አየሁት፤ እውነትም ከአበባው ዙሪያ የነቀልኩት ኖሯል። አፍሬ መለስኩት። ሰውየው ግን አዘነልኝ መሰለኝ፣ ከቤቱ ይዞት የሚመጣውን የራሱን በርጩማ ከጎማው ስር ሸጎጠልኝና እሱ ቆሞ ዋለ። "እንዴት ነው የምትለው?" አለኝ ቀጥሎ። መቀመጫው ላይ የነበሩት ሁሉ ተሰበሰቡ። አንዱ ፍሪሲዮን አለ፤ አንዱ ውስጧ የወደቀ ሳንቲም ነው አለ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡና "የኔ ልጅ፣ ያረጀ ሁሉ ያጉረመርማል፤ እኔም ቤት እንደዚሁ ነኝ" አሉ። ሸምሱን ግን የሚያውቅ አልተገኘም።

ማኪያቶ ባንኮኒ ተደግፌ ቆሜ ጠጣሁ። እኛ አገር ቆሞ የሚጠጣ የቸኮለ ወይም የተጣላ ነው፤ እዚህ ቆመው የዓለምን ነገር ሁሉ ይጨርሳሉ። ተስፋ ቆርጬ ስመለስ እትዬ ዘነበች ወረቀቱን ተቀበሉኝ፤ መነጽራቸውን አደረጉ።

"ሸምሱ! ያ ቀልደኛው? ለምን ትናንት አልነገርሽኝም? የሟች ባሌን ላዳ ዕድሜ ያራዘመው እሱ አይደል እንዴ! ሰፈሩ ሲነሳ አፍንጮ በር ግቢው ውስጥ ገባ።" ባንኮኒውን ለዘበኛው ትተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጎኔ ተሳፈሩ። በራስ መኮንን ድልድይ ተሻግረን ወጣን። የሚያውቁትን ሰው ባዩ ቁጥር መስኮቱን ዝቅ አድርገው "ቮልስ ገዛሁ!" ይሉ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ሰባውን የጨረሱ፣ ነጭ ኮፍያና ሰማያዊ ቱታ ያደረጉ ሰው ናቸው። ቮልሷን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሱና ኮፈኗን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረጉ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። አሰቡ፣ አሰቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "በዚህ እጅ ስንት ቮልስ አለፈ መሰለሽ። ሰዉን ረስቼ መኪናውን አስታውሳለሁ፤ ይቺን ግን እሷንም አላስታወስኳት።" ረጅም ካቻቢቴ አምጥተው ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አይናቸውን ጨፈኑ። ሐኪም ነው የሚመስሉት። ወንበሩን አነሱ፣ መለዋወጫ ጎማውን አወጡ፣ ኪሷን አራገፉ። ከዚያ ራሳቸው አንድ እጃቸውን ማርሹ ላይ አሳርፈው እስከ ስድስት ኪሎ ነድተው ተመለሱ።

"ምንም የለባትም። እንደ ሐር ነው የምትሄደው።"

"ጋሽ ሸምሱ፣ እግዚአብሔርን፣ ትጮሃለች።"

"እንግዲያው ካንቺ ጋር ነው ጠቧ። ነገ ከጁምዓ በኋላ ነይ፤ አንቺ ትነጃለሽ፣ እኔ እሰማለሁ።"

የቤተ ክርስቲያኑን ነገር አሁንም አልነገርኳቸውም። አፈርኩ። ለሙስሊም ሽማግሌ "መኪናዬ ታቦት ትፈራለች" ብዬ በየት በኩል ልጀምር?

እትዬ ዘነበችን ካደረስኩ በኋላ ብቻዬን ዞርኩ፤ እንደ ጂኦግራፊ መምህር፣ ለማረጋገጥ። አምስት ኪሎ ማርያምን አለፍኩ፤ ጮኸች። አራት ኪሎን በተማሪና በታክሲ መካከል ተጋፍቼ አለፍኩ፤ ዝም አለች። ወደ ሥላሴ ታጠፍኩ፤ ደጃፉ ላይ ስደርስ ጥርሷን እንደሚያፋጭ ሰው ጮኸች። ዳር አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ለተማሪዎቼ የመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት አለው ብዬ የማስተምር ሴት፣ መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ "አባባ፣ ምን ሆነህ ነው?" አልኩ።

ማታ እናቴ ደወለች። "ምን አሉሽ?" "ቀላል ነገር ነው እያሉ ነው" አልኳት። "እራትሽን ብዪ" ብላ ዘጋችው። ውሸቴን እንዳወቀች አወቅኩ። እትዬ ዘነበች ፊቴን አይተው አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ ሥጋ በበዛበት መረቅ ፓስታ አቀረቡልኝ። ፓስታ በእንጀራ ጠቅልዬ ስበላ ግን ዝም ማለት አልቻሉም። "አሁን ገና ከአሰላ መጣሽ!" አሉ።

ዓርብ

አፍንጮ በር የደረስኩት ጋሽ ሸምሱ ከመስጊድ ሲመለሱ ነው። ወዲያው ወደ ሥራ እንገባለን ስል ቤት አስገቡኝ። ባለቤታቸው ቆጮና ጎመን አቀረቡ፤ ጎመኑ በዘይት ነው። "ዓርብ ትጾማለች ብዬ ቅቤ ያልነካው ድስት ከጎረቤት ተውሼ ነው የሠራሁት፤ በእርጋታ ብዪ" አሉኝ። እኛ ሰፈርም ሙስሊም ጎረቤት አለን፣ እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። ሰው አገር ሆኜ ሲደረግልኝ ግን ሌላ ነው። ከዚህ በኋላ መደበቅ ነውር መሰለኝና ደብተሩን አወጣሁ። የእናቴን ፍርሃትም የአባቴንም ነገር ሁሉ ተናገርኩ።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። መነጽር አድርገው መስመር በመስመር አነበቡ።

"ይሄ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው።"

"አዎ።"

"ይቺስ? 'ዴራ፣ ቆሎ።' ቆሎ የሚባል ታቦት አላችሁ እንዴ?"

"አይ፣ እሱ እንኳ... ቆሎ እየበላሁ ነበር።"

ጣታቸውን ደብተሩ ላይ እንዳደረጉ ቀና አሉ። "በየትኛው እጅሽ?"

"በቀኜ ነዋ!"

"ተነሺ፣ እንሂድ።"

ወደ ጊዮርጊስ ወሰዱኝ። "አሁን እንደ ልማድሽ ተሳለሚ" አሉ። ደጃፉ ፊት ስደርስ አማተብኩ፤ ክርርርር አለች። ጋሽ ሸምሱ ቤተ ክርስቲያኑን አላዩም፤ ወለሉንም አላዩም። እጄን ነበር የሚያዩት። "አደባባዩን ዙሪና ድገሚ። አሁን እጅሽን እንዳታነሺ።" ሳልሳለም ማለፍ ከበደኝ፤ ሳላስበው አንገቴን ሰበር አደረግኩ። መኪናዋ ዝም አለች። ሦስተኛ ዞርን። ከቤተ ክርስቲያኑ ርቀን በአደባባዩ ማዶ ሳለን "ጆሮሽን እከኪ" አሉኝ፤ አከክሁ። ክች ክች ክች! አራተኛ ስንዞር ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን።

"ምን ጠፍቷችሁ ነው የምትሽከረከሩት?"

ጋሽ ሸምሱ በመስኮቱ ብቅ አሉ። "ስለት አለባት፣ ልጄ። ሰባት ዙር ነው የተሳለችው።"

ፖሊሱ የእሳቸውን ኮፍያ አየ፣ እኔን አየ፣ ጊዮርጊስን አየ። "እርስዎስ?"

"እኔ ቆጣሪ ነኝ።"

ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረና "የቀረውን በእግሯ ትጨርሰው" ብሎ ለቀቀን።

ጥግ ይዘን ስንቆም ሞተሩ እየሠራ ጋሽ ሸምሱ የቀኝ እጄን ከማርሹ ላይ አነሱት። እግሬን ቤንዚኑ ላይ ጫን ሳደርግ ድምፁ መጣ። እሳቸው መዳፋቸውን ማርሹ ላይ ሲያሳርፉ እንደታቀፈ ሕፃን ዝም አለ። አነሱት፣ መጣ። አሳረፉት፣ ጠፋ። እኔ ማርሽ ላይ እጄን የማሳርፈው አባቴ እንደዚያ ስላስተማረኝ ነው፤ "ማርሽ ላይ ያለ እጅ አይዘናጋም" ይለኝ ነበር። ለመዞሪያም አላነሳውም፣ መሪውን በግራዬ ነው የማዞረው። የማነሳው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ለቤተ ክርስቲያንና ለቆሎ።

ግቢ ተመልሰን የማርሹን የጎማ ልባስ ገፈፉና ሁለቱን ብሎኖች ፈቱ። ዘንጉ ሲወጣ ስሩ ላይ አንድ ነገር ተጠምጥሟል፤ ጥቁር፣ በዘይት የራሰ፣ ሊበጠስ የደረሰ የቆዳ ቁራጭ። በሰም ክር ታስሯል። ጋሽ ሸምሱ ቋጠሮውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና በርጩማቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ይሄ የኔ ቋጠሮ ነው" አሉ። "አሁን አስታወስኩ። ሰውየውን አይደለም፣ ቀበቶውን። ከታች ያለው ቀለበት ተበልቶ ነበር፤ ያኔ መለዋወጫ የለም። 'ትንሽ ድምፅ ነው፣ ምን ይጎዳሃል?' ስለው 'ባለቤቴ መኪና ትፈራለች፤ ይሄን ከሰማች ሁለተኛ አትሳፈርም። ልጅቷን አዝላ ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ ነው የምትሄደው' አለኝ። ቆዳ አምጣ አልኩት። ቀበቶውን ፈቶ ጫፉን በቢላዋ ቆረጠልኝ።" ትንሽ ሳቁ። "ቆዳው ግማሹን ያፍናል፣ ቀሪውን እጅህ ይያዘው፤ እጅህን ከማርሹ አታንሳ፣ ዕቃው እስኪመጣ ለአንድ ሳምንት ነው፣ አልኩት። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ተመልሶ አልመጣም።"

"ለአንድ ሳምንት?" አልኩ።

"ለአንድ ሳምንት ነበር ያልኩት።"

የታዘለችው ልጅ እኔ ነኝ። እዚያው ጋራዥ መሃል አለቀስኩ፤ ጋሽ ሸምሱም ዞር ብለው ብሎን የሚፈልጉ መሰሉ። ሳይመሽ ቶርኖ ቤት ወስደው አዲስ ቀለበት አስቆረጡ፣ በእጃቸውም ገጠሙት። ስከፍል እንጣላለን ብዬ ነበር፤ እውነትም ተጣላን፣ እሳቸው አሸነፉ። የቆዳውን ቁራጭ ግን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። "ለእናትሽ ስጫት" አሉ።

ቅዳሜ

እትዬ ዘነበች እስከ መኪናው ወርደው ሸኙኝ። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፤ "ቆሎ እንዳትነኪ" ብለውም አስጠነቀቁኝ፣ ማታ ሁሉን ነግሬያቸው ነበርና። የአበባው ጠባቂ ከሩቅ ሆኖ "ተገኘ?" ብሎ ጮኸ። "ተገኘ!" አልኩት። ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ አጨበጨበ።

ጊዮርጊስን አማትቤ አለፍኩ፤ ዝም። እስጢፋኖስን፣ ሳሪስ አቦን፤ ዝም። በፈጣኑ መንገድ ላይ ጭነት መኪናዎቹ እንደ ልማዳቸው አለፉኝ። ዴራ ላይ ከእናቴ ቆሎ የቀረችውን እፍኝ ሆን ብዬ ቆረጠምኩ፤ የተሰማው በእርግጥ ጥርሴ ብቻ ነበር። የጭላሎ ተራራ ከሩቅ ሲታየኝ ቀኝ እጄን አየሁት። ማርሹ ላይ ነበር። የሚይዘው ነገር የለም፣ እሱ ግን አላወቀም።

እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከመኪናው ሳልወርድ ጋዜጣውን ሰጠኋትና የጋሽ ሸምሱን ቃል እንዳለ ነገርኳት። ቆዳውን ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው።

"ይሄ እኮ የሠርጉ ቀበቶ ነው" አለች። "አንድ ቀን አጠረበት። ምን ነካው ስለው 'ወፍሬ ነው' አለኝ። ስንት ወር ሙሉ ከወጡ ላይ ቅቤ ቀነስኩበት፤ አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረመም።" ከዚያ በኋላ ወደ ጓዳ ገባች፤ እስከ እራት አልወጣችም።

እሁድ

ጠዋት ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ጧፉን ይዛ ወጣች። ሳልጠይቃት የቮልሷን በር ከፍታ ከፊት ተቀመጠች። የአዳማውን ገዢ ማታውኑ ደውላ "ይቅርታ፣ አይሸጥም" እንዳለችው በኋላ ነው የሰማሁት። መንገዱን ሁሉ የበሩን እጀታ አልያዘችም።

ማርያም ጋ ስንደርስ ቀኝ እጄን ከማርሹ አንስቼ አማተብኩ። ድምፅ የለም። ወደ እናቴ ዞር አልኩ፤ ቤተ ክርስቲያን አይታ እጇን ሳታነሳ ያለፈችበትን ቀን አላውቅም። ጧፉ በቀኝ እጇ ነበር፤ ግራ እጇን ዘርግታ እኔ የለቀቅኩትን ማርሽ ይዛዋለች። አንገቷን ብቻ ሰበር አደረገች።

"እማዬ፣ ተሠርቷል እኮ። አይጮህም" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች፤ እጇን ግን አላነሳችም።